ከእምቦሳ እስከ ሰንጋ፦ በጣና ዳር ከብት የሚጠራበት መንገድ

በደልጊ የከብት ተራ «ከብት ልገዛ ነው የመጣሁት» ያለ ሰው ገና ምንም አልተናገረም። ሻጩም ደላላውም የሚጠብቁት ቀጣዩን ቃል ነው፤ ወይፈን፣ ጊደር፣ ጥገት ላም፣ የእርሻ በሬ ወይስ ለቅርጫ የሚሆን ሰንጋ? ቃሉ ከገዥው አፍ እንደወጣ የሚቀርብለት እንስሳ፣ የሚመረመረው አካልና የሚጠራው ዋጋ ይለያል። ለወይፈን ጫንቃውና እግሩ ይታያል፤ ለጥገት ላም ግቷ ይዳሰሳል፣ ጥጃዋ ይጠየቃል፤ ለሰንጋ ሻኛውና ታፋው በመዳፍ ይመታል። አንድም ሰው ግን «የዳልጋ ከብት ስንት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ይህ ስም ያለው በቢሮ ወረቀት ላይ ነው።

ደልጊ በጣና ሐይቅ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ የምትገኝ የጣቁሳ ወረዳ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነስቶ በቁንዝላ በኩል ወደ ጎርጎራ የሚሄደው የሐይቅ መንገድ ያልፍባታል። ከአንድ ወገኗ ውኃው፣ ከሌላው ወገን ወደ ቋራና ወደ መተማ ቆላ የሚወርደው አገር፣ በሰሜን ምሥራቅ የደምቢያ ሜዳ፣ ከሐይቁ ማዶ ደግሞ ፎገራ አለ። የሐይቅ ዳሩ፣ የወይና ደጋውና የቆላው ከብት የሚተያይባት ቦታ ስለሆነች ስለ ከብት ስያሜ ለሚጠይቅ ሰው ጥሩ መነሻ ናት።

ስለ ከብት ስም ሲነሳ ሁለት ጥያቄዎች ይደባለቃሉ። አንደኛው «ዘሩ ምንድን ነው?» ሲሆን ፎገራ፣ በጋይት፣ ቦረና፣ ሆሮ፣ አርሲ የሚሉት ስሞች ለዚህ መልስ ናቸው። ሁለተኛው «ምን ላይ ደርሷል? ምን ይሠራል?» የሚለው ነው። አማርኛ በራሱ ቤት ያበለጸገው ይህን ሁለተኛውን ነው። ገበሬው የሚጠቀምበት እያንዳንዱ ቃል የእንስሳውን ፆታና ዕድሜ፣ የያዘውን ሥራ፣ ለቤቱ የሚሰጠውን ነገር አንድ ላይ ይናገራል። የዘር ስሞች በአብዛኛው ከቦታ የተወሰዱና ከተመራማሪ ወደ ገበሬ የመጡ ናቸው፤ እነዚህ ግን ከበረት የወጡ ናቸው። ሁለቱን ለይቶ ያልያዘ ሰው የከብት ቆጠራም፣ የከብት ውልም፣ የዝርያ ጥበቃም ሲበላሽበት ምክንያቱን አያገኘውም።

ከጥጃው እንጀምር። ላም በወለደች ሰሞን ያለው እምቦሳ ነው። የእምቦሳነት ዕድሜ አጭር ነው፤ በዚህ ጊዜ እናቱ የምትሰጠው የመጀመሪያ ወተት፣ እንገር፣ ወፍራም፣ ወደ ቢጫ የሚያደላና እሳት ሲነካው የሚረጋ ነው። አዲስ ቤት ለሠራ ወይም ለገባ ሰው «እምቦሳ እሰሩ» ተብሎ የሚመረቀው ከዚህ ተነስቶ ነው። በዚህ ቤት ላማችሁ ትውለድ፣ ወተት አይጥፋ ማለት ነው። በረት አይተው የማያውቁ የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ልጆችም የኮንዶሚኒየም በር ላይ ቆመው ይሉታል፣ ደግሞም ከልባቸው ነው የሚሉት።

እምቦሳው ጠንከር ብሎ ሣር መነካካት ሲጀምር ጥጃ ይሆናል። ጥጃ ለወንዱም ለሴቷም የሚያገለግል ቃል ስለሆነ መለየት ሲያስፈልግ ወንድ ጥጃ፣ ሴት ጥጃ ይባላል። የሐበሻ ላም ጥጃዋ ካልቀረበ ወተቷን አትለቅም። ለዚህ ሲባል በመጀመሪያ ጥጃው ተፈትቶ ጥቂት ይጠባል፤ ግቷ ሲወጠር ይወሰድና እናቱ አጠገብ ይታሰራል፤ ማለብ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ጥጃው ቢሞት ቆዳው ተገፎ፣ በጭድ ተሞልቶ እንድታሸተው ይቀርብላታል። የገጠር ልጆች ወደ እረኝነት የሚገቡትም በጥጃ በኩል ነው። ትንሹ ልጅ ጥጆቹን ከቤት ሳይርቅ ይጠብቃል፤ ሲጎለብት ወደ ከብቶቹ ይዛወራል።

ጡት ከተጣለ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ሴቷ ጊደር ትሆናለች፣ ወንዱ ወይፈን። የጊደርነት ዘመን በአገራችን ከብት ረጅም ነው። የአገር በቀል ላሞች የመጀመሪያ ጥጃቸውን የሚወልዱት ብዙውን ጊዜ በ4 ዓመት ገደማ ነው፤ በጥሩ መኖ የሚያድጉት የውጭ ዝርያዎች ግን በ2 ዓመት ወይም በ2 ዓመት ተኩል ይወልዳሉ። ጊደር ኮርማ ብትፈልግም፣ ብትጠቃም፣ ብትፀንስም ጊደር ናት፤ የከበደች ጊደር ትባላለች። ላም የሚያሰኛት መውለዷ ብቻ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ፣ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 19፣ ቀንበር ያልተጫነባት ቀይ ጊደር ለሥርዓት የተፈለገችበትን ቦታ የሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ ምን ዓይነት ከብት እንደሆነች ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ልጅ ያልወለደች፣ ሥራ ያልነካት እንደሆነች ስሟ ነግሮታል።

የወይፈንነት ማብቂያ ደግሞ ቀንበር ነው። 3 ወይም 4 ዓመት ሲሞላው ለእርሻ ይገራል። በመጀመሪያ ቀንበሩን ጫንቃው ላይ ይለምዳል፤ ቀጥሎ ግንድ ይጎትታል፤ ከዚያ ከለመደ በሬ ጋር ተጠምዶ ለስላሳ መሬት ላይ ይሞከራል። አንድ ሰው ከፊት ይመራዋል፣ ሌላው እርፍ ይዞ ከኋላ ይከተላል። በዚህ ወቅት የሚደነብር፣ የሚተኛ ወይም ከትልም የሚወጣ ወይፈን ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል። ቀጥ ብሎ መሄድን ከለመደ በኋላ ወይፈን የሚለው ስም እየቀረ ይሄዳል፤ ሻጩም ገበያ ላይ «ቀንበር ያውቃል» ይላል። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የእንስሳውን ዋጋ ከፍ ታደርገዋለች።

እዚህ ላይ ስለ በሬ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበትን ነገር ማስተካከል ተገቢ ነው። የእንስሳት ሳይንስን በእንግሊዝኛ የተማሩ ባለሙያዎች በሬን «የተኮላሸ የዳልጋ ከብት» እያሉ ይተረጉሙታል። በእንግሊዝ አገር የእርሻ በሬ ከልጅነቱ ይኮላሽ ስለነበር ለዚያ አገር ትርጓሜው ትክክል ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ግን በሬ በሬ የሚባለው ስለሚያርስ ነው። ብዙ ገበሬዎች በሬያቸውን ሳይቀጠቅጡ ለዓመታት ያርሱበታል፤ የሚቀጠቅጡት ሲያስቸግር፣ ሲዋጋ ወይም ለማደለብ ሲታሰብ ነው። በጥንቱ ዘዴ የቆለጡ ሥር በድንጋይና በእንጨት ይቀጠቀጣል፤ በዛሬው ደግሞ ቡርዲዞ በሚባለው መቆንጠጫ ቆዳው ሳይቆረጥ ሥሩ ይጨፈለቃል። ሁለተኛው ለእንስሳው ሥቃዩ ያነሰ፣ ለቁስልና ለኢንፌክሽን የማያጋልጥ ስለሆነ ወደ ገጠር በሰፊው ሊዳረስ ይገባዋል።

ስለዚህ በሬ የሥራ ስም ነው። ኮርማ የማስጠቃት ስም ነው፤ ሳይኮላሽ ለማስጠቃት የተተወው ወንድ ኮርማ ይባላል፣ በመንጋው ውስጥ የበላይነት የያዘው አውራ ነው። ሰንጋ ደግሞ የድለባ ስም ነው። ተኮላሽቶ፣ ሥራ አቁሞ፣ እየተቀለበ የሰባው ሰንጋ ይባላል። ፍሪዳ የሚለው ቃል የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ለሰርግ፣ ለተዝካር ወይም ለበዓል ሊታረድ ሲመረጥ ነው። አንዱ ወንድ ከብት በሕይወቱ ውስጥ እምቦሳ፣ ጥጃ፣ ወይፈን፣ በሬ፣ ሰንጋና ፍሪዳ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። ስሞቹ በየደረጃው ባለቤቱ የወሰነውን ውሳኔ ይከተላሉ፤ ለቀንበር ልስጠው? ለዘር ልተወው? ልቀጥቅጠው? ልሽጠው?

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሌለ ነገርም አለ። አሜሪካና አውስትራሊያ ውስጥ ወንድ ጥጃ በልጅነቱ ይኮላሻል፣ ቀንበር ሳያይ ይደልባል፣ ገና በወጣትነቱ ይታረዳል። ለዚህ ዓይነቱ እንስሳ አማርኛ የቆየ ስም የለውም፤ ምክንያቱ ቋንቋው ስለደከመ አይደለም። በእኛ ገጠር ወንድ ከብት ቀድሞ ያርሳል፣ ሥጋነቱ የሚታሰበው ጉልበቱን ከሰጠ በኋላ ነው። በጣና ዙሪያ የሚደልበው በሬ ብዙውን ጊዜ ዘር ከተዘራ በኋላ ከስቶ ከእርሻ የወጣ ነው፤ ለወራት ድርቆሽ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና አተላ እየቀመሰ ለገናና ለፋሲካ ይደርሳል። ወጣት ወንድ ከብት ለውጭ ገበያ ማድለብ እየተስፋፋ ሲሄድ ቋንቋው ለእሱም ስም ማውጣቱ አይቀርም። ለጊዜው ነጋዴዎች «የሚደልብ ወይፈን» ይሉታል፣ በቂም ነው።

በሬ የሚለው ቃል ክብደት የሚገባው ለብቻው እንደማይቆም ሲታሰብ ነው። ማረሻው ሁለት በሬ ይፈልጋል። ቀንበሩ፣ ምራኑ፣ ሞፈሩ የተሠሩት ለጥንድ ነው። ጥማድ የሚለው ቃል ራሱ ሁለቱን በሬዎችም፣ እነሱ በአንድ ቀን የሚያርሱትን መሬትም ይጠራል፤ አራት ጥማድ በግምት አንድ ሄክታር ይሆናል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር ይቀናጃል፤ በተራ የአንዱን፣ በተራ የሌላውን ያርሳሉ። ይህ መቀናጆ ይባላል። ወረፋው የደረሰው ሰው ዝናቡ በሰዓቱ ከጣለለት ያተርፋል፣ ዘግይቶ የደረሰው ይጎዳል። ባለ ጥንድ በሬ፣ ባለ አንድ በሬና በሬ የሌለው የሚሉት አጠራሮች በጣቁሳም በደምቢያም የአንድን ቤት ኑሮ በአንድ ቃል ይናገራሉ።

በሬ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ታሪካችን በመራራ መንገድ አስተምሮናል። በ1880 ዓ.ም ገደማ ጣሊያኖች ከሕንድ በምጽዋ በኩል ባስገቡት ከብት አማካይነት የገባው የከብት በሽታ፣ ሕዝቡ «ደስታ» የሚለው፣ የአገሪቱን ከብት በብዙ ቦታ ፈጅቶ ጨረሰ። ተከትሎ የመጣው ረሃብ ክፉ ቀን ተብሎ እስከ ዛሬ ይታወሳል። መሬቱ ነበረ፤ የሚጠመድ በሬ አልነበረም። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ እንደሆኑ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። በጎንደር ምድርም ረሃቡ ከጦርነት ጋር ተደራርቦ ነበር። ኢትዮጵያ ከደስታ በሽታ ነፃ መሆኗ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀው በ2000 ዓ.ም፣ ዓለም ከበሽታው ነፃ መሆኗ የታወጀው ደግሞ በ2003 ዓ.ም ነው። ይህን ያህል ትልቅ ድል እንደዚህ በጸጥታ ማለፉ ያሳዝነኛል።

ወደ ሴቷ ስንመለስ ቃላቱ ይበዛሉ፤ የላም ሁኔታ ከወር ወር ይለዋወጣልና። በቅርብ ወልዳ፣ ጥጃዋን ይዛ የምትታለበው ጥገት ናት። ወተቷ እያነሰ ሄዶ ሲቆም ነጠፈች ይባላል። ከፀነሰች በኋላ ከበደች። በተደጋጋሚ ኮርማ አግኝታ የማትፀንሰው መካን ናት። ሳትወልድና ሳትታለብ ቆይታ የሰባችው መሲና ትባላለች፤ መሲና ላም ወተት ባትሰጥም ሥጋዋ ስለሚወደድ ሥጋ ቤቶች ይፈልጓታል። ጥገቷን ለሥጋ፣ መሲናዋን ለወተት የሚገዛ ሰው ስለሌለ ሁለቱ በአንድ ገበያ ቢቆሙም ገዥዎቻቸው አይገናኙም።

እነዚህ ቃላት በሕግ ፊትም ይሠራሉ። በጎጃምና በጎንደር በሰማንያ ጋብቻ ሁለቱ ወገኖች ለልጆቻቸው የሚሰጡትን ማጫ ሽማግሎች ባሉበት ይቆጥራሉ፤ አንዱ የሰጠውን ሌላው እንዲያቻችል ይጠበቃል። «ሁለት በሬ፣ አንዲት ላም ከነጥጃዋ» የተባለ እንደሆነ ቃሉ ይያዛል። ላም ተብሎ ጊደር ቢሰጥ፣ በሬ ተብሎ ቀንበር ያልለመደ ወይፈን ቢመጣ ሽማግሎቹ እንደገና ይሰየማሉ። በርቢ የሚሰጥ ከብትም እንዲሁ ነው። ባለቤቱ ላሟን ለሌላ ቤት ይሰጣል፤ አርቢው ይመግባታል፣ ወተቷን ይጠጣል፣ እበቷን ለማሳውና ለኩበት ይጠቀማል፤ የሚወለዱት ጥጆች በስምምነታቸው ይከፋፈላሉ። ላሟ በርክክቡ ቀን ነጥፋ ነበር ወይስ ከብዳ? ከብዳ ከነበረ በሆዷ ያለው ጥጃ የማን ነው? አንድ ቃል በትክክል ከተነገረ ክርክሩ ሳይነሳ ይቀራል።

በገበያ ላይ ስም ብቻውን አይታመንም፤ ጥርስ ይታያል። ገዥው የእንስሳውን አፍንጫ በአንድ እጁ ይዞ የታችኛውን ከንፈር ገለጥ ያደርጋል፤ ከብት የላይ የፊት ጥርስ ስለሌለው የሚታየው የታቹ ብቻ ነው። በወተት ጥርሶቹ መሐል ሁለት ሰፋፊ ጥርሶች ከበቀሉ እንስሳው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሁለት ጥርስ ይባላል። አራት ጥርስ፣ ስድስት ጥርስ እየተባለ ይቀጥላል፤ ስምንቱም ሲሞሉ ጥርሱን ጨርሷል። ከዚያ በኋላ የሚታየው የጥርሱ ማለቅና መሸረፍ ነው። ሁለት ጥርስ የሆነን ወይፈን «ሁለት ክረምት ያረሰ በሬ ነው» ብሎ ማሳለፍ አይቻልም። ለላም ደግሞ ቀንድ አለ፤ በእርግዝናና በማጥባት ወቅት የቀንዷ እድገት ስለሚዘገይ በሥሩ በኩል ክርክር ይቀራል፣ እሱን ቆጥሮ ስንት እንደወለደች በግምት መናገር ይቻላል። ሻጮች ክርክሩን በስለት ፍቀው የሚያለሰልሱት ለዚህ ነው፤ የተፋቀ ቀንድ ያየ ገዥ ዋጋውን ሳይጠይቅ ወደ ሌላዋ ይሄዳል።

መልክም ስም ይሆናል። ሁለት ቀለም የተቀላቀለበት ቡሬ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው ቦራ፣ ወደ ግራጫ የሚያደላው ዳለቻ፣ ቀንድ የሌለው ጎዳ ይባላል። ገበሬው ሲያርስ በሬውን የሚጠራው በዚህ ስም ነው፤ ከብት ሲጠፋም የሚነገረው «ቡሬ ወይፈን፣ ግራ ጆሮው የተቆረጠ» እየተባለ ነው። መታወቂያ እንዲህ ነው የሚሰጠው። በአካል ላይ ምልክት ማድረግ በዚህ አገር አዲስ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት በጣና አካባቢ የኖረው ፖርቱጋላዊው ሚስዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ ንጉሡ በየሦስት ዓመቱ ከአስር ከብት አንዱን በግብር እንደሚወስድ፣ ግብሩም በእሳት ከሚደረገው ምልክት ተነስቶ «ተኩስ» ይባል እንደነበር ጽፏል።

ዛሬ መንግሥት የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ነው። በ2013 ዓ.ም የአገሪቱ የዳልጋ ከብት ቁጥር ወደ 70 ሚሊዮን እንደደረሰ የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ገልጿል። የናሙና ጥናቱ ከብቱን በፆታና በዕድሜ ይከፍላል፦ ከ6 ወር በታች፣ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት፣ ከ3 እስከ 10 ዓመት፣ ከ10 ዓመት በላይ። ለእርሻ፣ ለወተት፣ ለሥጋና ለርቢ የሚሉ የአገልግሎት ክፍሎችም አሉት። ከሌሎች አገሮች ጋር ለማወዳደር አመቺ ነው፤ ግን ገበሬው የከብቱን ዕድሜ በዓመት አይዝም። የደልጊ ገበሬ የሦስት ዓመት ተኩል ጊደሩን ሲያስቆጥር በዕድሜ ከወላድ ላሞች ጋር አንድ መደብ ውስጥ ትገባለች። ገና ቀንበር ያልነካው የአራት ዓመት ወይፈን ደግሞ ከአራሾቹ በሬዎች ጋር ይቆማል። ቆጣሪው «ስንት ጊደር፣ ስንት ጥገት፣ ስንት የነጠፈች፣ ስንት ወይፈን፣ ቀንበር የሚያውቅ ስንት በሬ፣ ስንት ኮርማ አለህ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱን ሳያሰላ ያገኛል፣ መልሱም ስለ ወተት፣ ስለ እርሻ ጉልበትና ስለ መጪው ዓመት ጥጃ የበለጠ ይናገራል። እነዚህ ቃላት ቅጹ ላይ እንዲገቡ አጥብቄ እከራከራለሁ።

መዝገበ ቃላቶቻችንም በዚህ በኩል ሙሉ አገልግሎት አይሰጡም። የደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም ሥራም ሆነ በ1993 ዓ.ም የታተመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አማርኛ መዝገበ ቃላት ትልቅ ሀብት ናቸው፤ ነገር ግን በፊደል ተራ ስለተደረደሩ እምቦሳ ከአንድ ጫፍ፣ ጥጃ ከሌላ ጫፍ፣ ወይፈን በመሐል ይቀራሉ። ሰንሰለቱን አያይዞ የሚያሳይ፣ ከየአውራጃው ልዩነት ጋር የተዘጋጀ የከብት መዝገብ ለብቻው ቢወጣ ለግብርና ኮሌጆችም ለፍርድ ቤቶችም ይጠቅማል።

ቃላቱ ከየት መጡ? ላም ከግዕዙ ላህም፣ በሬ ከብዕራይ ጋር ዝምድና አላቸው፤ ትግርኛም ብዕራይን እስከ ዛሬ ይዟል። ኮርማና ሰንጋ ግን በአፋን ኦሮሞም የሚሠራባቸው ናቸው፤ ኦሮምኛው በተጨማሪ ለአራሹ በሬ ቆቲዮ፣ ለጊደሯ ራዳና ጎሮምሳ፣ ለወጣቱ ወንድ ጅቢቻ ይላል። በከብት ዙሪያ ሕዝቦቻችን ቃል ሲለዋወጡ ኖረዋል፣ ገበያውም አንድ ነበርና። ሰንጋ እንዲያውም ባሕር ተሻግሮ የሳይንስ ቃል ሆኗል። የዓለም የእንስሳት ተመራማሪዎች ሻኛቸው ትንሽ ሆኖ ወደ አንገት ቀረብ ያለውን የአፍሪካ ከብቶች፣ የኡጋንዳን አንኮሌና የደቡብ አፍሪካን ንጉኒ ጭምር፣ ሰንጋ ብለው ይመድቧቸዋል። በእነሱ አፍ ሰንጋ የዘር ስም ነው፤ ላሟም ጥጃዋም ሰንጋ ናቸው። በእኛ አፍ ሰንጋ የደለበ ወንድ ብቻ ነው። የምርምር ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው ይህን ካላስተዋለ አንባቢውን ያሳስታል።

የጣናን ከብት በዚህ የሳይንስ መደብ ስናስቀምጠው ፎገራ ዜንጋ ከሚባሉት ይገባል፤ በሰንጋና ትልቅ ሻኛ ባለው ዜቡ መካከል ያለ ነው። ስሙን ያገኘው ርብና ጉማራ ወንዞች ከሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ መልክ አለው፣ ረጋ ያለ ባሕርይ አለው፣ ከአካባቢው ደገኛ ከብት የተሻለ ወተት ይሰጣል፣ ረግረግ መሬትንም ይቋቋማል። አልቅትና የጉበት ትል በበዛበት የሐይቅ ዳር ይህ መቻል ቀላል ነገር አይደለም። ተመራማሪዎች በሰሜን ምዕራብ አማራ ደምቢያና ወገራ የሚሏቸውን ሌሎች የከብት ዓይነቶችም ለይተዋል። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ 22 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው፣ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል የፎገራን መንጋ ይዞ ሲያጠናና ሲያሻሽል ቆይቷል። በአዊ ዞን የሚገኘው መተከል ራንች በበኩሉ የፎገራ ላሞችን ከፍሪዥያን እያዳቀለ የከበዱ ጊደሮችን ለገበሬዎች ያከፋፍል ነበር። ዲቃላ፣ ክልስ፣ የፈረንጅ ላም የሚሉት ቃላት በአካባቢው የተለመዱት ከእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ጋር ነው።

ንጹሕ የፎገራ ከብት ግን እየተመናመነ ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ሩዝ የግጦሽ ሜዳውን ወስዷል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እምቦጭ የተባለው አረም የሐይቁን ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ ሸፍኖ ውኃ ሲሸሽ የሚገኘውን ሣር ነጥቋል። ከሁለቱም የማይተናነሰው ምክንያት በመንጋው ውስጥ ያለ ነው፤ ከደጋ የሚመጣ ትናንሽ ከብት ከፎገራው ጋር በአንድ ሜዳ ይግጣል፣ ይዳቀላልም።

ቀደም ሲል ያየነው የስያሜ ጉዳይ እዚህ ላይ ራሱን ያሳያል። የማሻሻያ ዕቅዶች «ለቀበሌው አንድ የተመረጠ ኮርማ ይሰጥ» ይላሉ። በወረቀቱ ላይ ኮርማው አንድ ነው። በሜዳው ላይ ግን ወይፈን የተባለው ሁሉ ማጥቃት ይችላል፤ በሬ የተባለውም ብዙው ገና አልተቀጠቀጠም። ደካማው ወይፈን ቀንበር እስኪደርስበት ድረስ ዓመት ሁለት ዓመት ከጊደሮቹ ጋር ይውላል፣ የተመረጠው ኮርማ ከመድረሱ በፊትም ያስከብዳቸዋል። ጥሩ ወይፈን ደግሞ ዋጋ ስለሚያወጣ ቶሎ ይሸጣል፤ ለዘር የሚቀረው ያልተሸጠው ነው። ስለዚህ በሐይቁ ዙሪያ ፎገራን ለማቆየት የሚሠራ ሰው ኮርማ ከማከፋፈሉ በፊት በየመንደሩ ስንት ያልተቀጠቀጠ ወይፈንና በሬ እንዳለ መቁጠር፣ ባለቤቶቹም ለእርሻ የሚፈልጓቸውን በቡርዲዞ አስቀጥቅጠው እንዲያርሱባቸው ማሳመን ይኖርበታል። የተቀጠቀጠ በሬ ያርሳል፣ ይደልባል፣ ሲሸጥም ሰንጋ ተብሎ ስለሚሸጥ ባለቤቱ አይከስርም። ይህን በደልጊ የከብት ተራ ለሚቆም ገበሬ ማስረዳት ከባድ አይደለም፤ የሚያስፈልጉት ቃላት በሙሉ በእጁ ናቸው።